የአለቃ የአመራር ዘይቤና የመንግስት መስሪያ ቤት ውጤት፦ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ሰራተኞች፣ አዲስ የተሾሙ ኃላፊዎችና የመመረቂያ ጥናት የያዙ ተማሪዎች ደጋግመው የሚጠይቁኝን ነው እዚህ የሰበሰብኩት፣ ዓመተ ምህረቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው።

የአመራር ዘይቤ ማለት ምን ማለት ነው? ፀባይ ነው?

ፀባይ አይደለም። ሰውየው ተጫዋች ሊሆን ይችላል ዝምተኛም ሊሆን ይችላል፣ ዘይቤ የሚባለው ግን ስራ ላይ እየደጋገመ የሚያሳየው አካሄድ ነው። ውሳኔ ሲወስን ማንን ይጠይቃል፣ ስራ ሲያከፋፍል ምክንያቱን ይናገራል ወይ፣ ሰው ሲያጠፋ ምን ያደርጋል፣ ሰው ጥሩ ሲሰራስ ያያል ወይስ ዝም ብሎ ያልፈዋል፣ እንደዚህ አይነት ነገር ነው።

እኔ የአንድን አለቃ ዘይቤ ለማወቅ ስብሰባ ላይ የሚናገረውን ብዙም አልከተልም፣ ስብሰባ ላይ ሁላችንም ጥሩ ጥሩውን ነው የምንናገረው። የማየው አንድ ሰራተኛ በሩን ከፍቶ ገብቶ "ይሄ ስራ አልሄደልንም" ሲለው የሚሰጠውን የመጀመሪያ መልስ ነው። "ማነው ያበላሸው?" ካለ አንድ አይነት ቢሮ ነው የሚኖራችሁ፣ "የቱ ጋ ነው የያዛችሁ?" ካለ ደሞ ሌላ አይነት ቢሮ። ከዚህ በታች የምፅፈው አብዛኛው ነገር ዞሮ ዞሮ እዚችው በር ላይ ነው የሚመለሰው።

ስንት አይነት ዘይቤ አለ?

ዝርዝሩ በየመማሪያው ይለያያል ግን ሁለቱን ዋና አከፋፈሎች ካወቃችሁ ለአብዛኛው ነገር ይበቃችኋል። አንዱ የስነ ልቦና ተመራማሪው የኩርት ሌዊን ነው፣ በ1939 ከባልደረቦቹ ጋር ያወጣው ጥናት ላይ ሶስት አይነት አለቃ አለ፦ ሁሉን ብቻውን የሚወስን ፈላጭ ቆራጭ፣ ሰው እያማከረ የሚወስን ዴሞክራሲያዊ ወይም አሳታፊ፣ እና ሁሉንም ለሰራተኛው ትቶ ዞር የሚል ልቅ አመራር፣ ሌሴ ፌር የሚባለው።

ሁለተኛው ከጄምስ ማክግሪጎር በርንስ ይጀምራል። በርንስ በ1978 የፖለቲካ መሪዎችን ሲያጠና ነው ያነሳው፣ በርናርድ ባስ ደሞ በ1985 ወደ መስሪያ ቤት አመጣው። ትራንዛክሽናል የሚባለው አለቃ ከሰራተኛው ጋር የመስጠትና የመቀበል ግንኙነት ነው ያለው፣ ይሄን ከሰራህ ይሄን ታገኛለህ፣ ካልሰራህ ትጠየቃለህ። ትራንስፎርሜሽናል ወይም ለውጥ አምጪ የሚባለው ስራው ለምን እንደሚሰራ ያሳያል፣ ራሱ ምሳሌ ይሆናል፣ አዲስ ሀሳብ ይጠይቃል፣ እያንዳንዱን ሰራተኛ ለየብቻ ያያል። ብዙ ሰው ትራንዛክሽናል መጥፎ፣ ትራንስፎርሜሽናል ጥሩ አድርጎ ይይዘዋል፣ ስህተት ነው፣ ባስ ራሱ ሁለተኛው በመጀመሪያው ላይ የሚጨመር ነው ያለው እንጂ የሚተካው ነው አላለም። የገባውን ቃል የማያከብር አለቃ ስለ ራዕይ ቢያወራ ማን ያምነዋል?

ትርፍ የሌለው መስሪያ ቤት ውጤቱ በምን ይለካል?

ንግድ ቢሆን መጨረሻ ላይ ትርፍና ኪሳራ የሚባል ነገር አለ። የመንግስት መስሪያ ቤት ግን ፍጥነትም ይጠበቅበታል፣ ህግ መከተልም፣ ሁሉን ሰው እኩል ማስተናገድም፣ ወጪ መቆጠብም፣ እና እነዚህ ነገሮች ይጋጫሉ። ፋይሉን ቶሎ ጨርስ ያላችሁት ሰራተኛ ማስረጃውን በደንብ ሳያጣራ ያሳልፋል፣ አጣራ ያላችሁት ደሞ ባለጉዳዩን ያመላልሳል። የዘርፉ ተመራማሪዎች የግብ ግልፅ አለመሆን ይሉታል፣ ሰራተኛው ጋ ሲደርስ ግን በቃ ግራ መጋባት ነው።

ስለዚህ የአለቃው የመጀመሪያ ስራ ሁለቱ ሲጋጩ የቱ እንደሚቀድም በግልፅ መናገር ነው። ይሄን ካልተናገረ ሰራተኛው ራሱን የሚያድንበትን ይመርጣል፣ ራስን የሚያድነው ደሞ ብዙ ጊዜ ፋይሉን ወደ ሌላ ክፍል መምራት ነው።

የአለቃ ዘይቤ እውነት ውጤት ይቀይራል ወይስ ዝም ብሎ የስልጠና ወሬ ነው?

ይቀይራል፣ ግን ስልጠና ላይ የሚወራውን ያህል አይደለም። በዚህ ጉዳይ ብዙ ጊዜ የሚጠቀሰው ጀጅና ፒኮሎ የሚባሉ ተመራማሪዎች በ2004 ያወጡት ነው፣ 87 ምንጮችን አንድ ላይ ሰብስበው የተነተኑት። ከአመራር ውጤታማነትና ከሰራተኛ እርካታ መለኪያዎች ጋር ትራንስፎርሜሽናል 0.44 ኮሪሌሽን (ሁለት ነገር ምን ያህል አብሮ እንደሚሄድ የሚያሳይ ቁጥር፣ ከፍተኛው 1 ነው፣ ከዜሮ በታች ከሆነ አንዱ ሲጨምር ሌላው ይቀንሳል) አሳየ፣ በውጤት መሸለም የሚባለው የትራንዛክሽናል ክፍል 0.39፣ ልቅ አመራር ደሞ ከዜሮ በታች 0.37። ሁለቱ የመጀመሪያዎቹ ምን ያህል እንደሚቀራረቡ አያችሁ? ቃል መጠበቅና የሰራን ሰው ማመስገን የሚባለው "ተራ" ነገር ከራዕዩ ብዙም አላነሰም። ልብ በሉ፣ እዚህ ውስጥ እርካታም አብሮ አለ፣ ስለዚህ ቁጥሩን የስራ ውጤት ብቻ አድርጋችሁ እንዳታነቡት።

ከዛ በፊት በ1996 የወጣ ተመሳሳይ ትንተና ነበር፣ አዘጋጆቹ የጠበቁት ትራንስፎርሜሽናል አመራር ግል ድርጅት ውስጥ የበለጠ እንደሚሰራ ነው፣ ምክንያቱም መንግስት ቤት ደንብ ስለሚበዛበት። ያገኙት ግን በተቃራኒው ነው። እኔ ይሄን ሳነብ አልገረመኝም፣ ምክንያቱን ቀጥሎ ልንገራችሁ።

ደሞዝ መጨመር የማይችል አለቃ ሰራተኛ በምን ያነሳሳል?

ይሄ ጥያቄ ከሁሉም በላይ ይመጣልኛል። እውነት ነው፣ መንግስት ቤት ያለ አለቃ ደሞዙን አይወስንም፣ ዕድገቱን ብቻውን አይሰጥም፣ ሰው ለማሰናበትም ረጅም ስርዓት አለ። ስለዚህ ዱላውም ካሮቱም እጁ ላይ የለም ማለት ይቻላል። ያለው ሌላ ነገር ነው፦ ስራው ራሱ። ፔሪና ዋይዝ በ1990 ህዝብን የማገልገል ተነሳሽነት የሚል ሀሳብ አቅርበው ነበር፣ ወደ መንግስት ስራ ከሚመጡት ሰዎች ብዙዎቹ ለሰው መጥቀም የሚፈልጉ ናቸው ነው ነገሩ። ችግሩ ይሄ ስሜት ቢሮ ውስጥ ቀስ በቀስ ይሞታል፣ ሰራተኛው ቀኑን ሙሉ ወረቀት እንጂ ሰው አያይም።

በ2007 አዳም ግራንት ከባልደረቦቹ ጋር የሞከረውን ላንሳ። ስልክ እየደወሉ ለዩኒቨርሲቲ ገንዘብ የሚያሰባስቡ ሰራተኞች ነበሩ፣ የተወሰኑትን በዛ ገንዘብ ነፃ የትምህርት ዕድል ካገኘ ተማሪ ጋር ለጥቂት ደቂቃ አገናኛቸው። ከወር በኋላ እነዚህ ሰራተኞች ስልክ ላይ የሚያጠፉት ጊዜ 142 በመቶ ጨመረ፣ ያሰባሰቡት ገንዘብ ደሞ 171 በመቶ። ደሞዝ አልተጨመረላቸውም፣ የተለየ ንግግርም አልተደረገላቸውም። በኋላም ጣሊያን ውስጥ በአንድ የመንግስት ሆስፒታል ነርሶች ላይ ሙከራ ተደርጎ የለውጥ አምጪ አመራር ጥቅም ነርሶቹ የሚረዱትን ሰው ሲያገኙ ይበልጥ እንደሚጎላ ታይቷል።

ስለዚህ አለቃ ከሆናችሁ ይሄን ሞክሩ፦ ጉዳዩ ያለቀለት ሰው ለማመስገን ሲመጣ ምስጋናውን ቢሯችሁ ውስጥ ብቻችሁን አትቀበሉ፣ ፋይሉን የሰራችው ልጅ ጋ ውሰዱት። እኔ አንድ ጊዜ ነው በስራ ዘመኔ እንደዚህ የተደረገልኝ፣ አንድ አዛውንት ወንበሬ ድረስ መጥተው እጄን ይዘው ነው ያመሰገኑኝ፣ ስንት ዓመት አልፎት እስከዛሬ አልረሳሁትም።

ግን እኮ ሰው ካልተፈራ አይሰራም፣ ኮስተር ያለ አለቃ አይሻልም?

እዚህ ላይ ሁለት ነገር እየተቀላቀለ ነው። ጥብቅ መሆንና ፈላጭ ቆራጭ መሆን አንድ አይደለም። በ1950ዎቹ አሜሪካ ውስጥ የኦሃዮ ስቴት ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች የአለቆችን ባህሪ ሲለኩ ስራን ማደራጀትና ለሰው ማሰብ ሁለት የተለያዩ መስመሮች ሆነው ነው ያገኟቸው፣ የአንድ ገመድ ሁለት ጫፍ አይደሉም። ማለትም አንድ አለቃ በሰዓት ግቡ፣ ፋይል በሶስት ቀን ይለቅ፣ ደረሰኝ ሳይኖር ገንዘብ አይወጣም እያለ በዛው ላይ የሰራተኛውን ችግር የሚሰማ፣ ሰው ፊት የማያዋርድ መሆን ይችላል። ምርጦቹ አለቆች እንደዚህ ናቸው እኔ ባየሁት።

ፍርሀት ስራ ያሰራል የሚለውን ደሞ ሌዊን ያኔውኑ አይቶታል። የ10 ዓመት አካባቢ ልጆች ቡድን ተደርገው የእጅ ስራ ሲሰሩ ፈላጭ ቆራጭ መሪ ያላቸው ልጆች መሪው እያለ በደንብ ይሰራሉ፣ ከክፍሉ ሲወጣ ግን ስራው በጣም ይወርዳል፣ አሳታፊ መሪ ያላቸው ግን መሪው ኖረ አልኖረ ብዙም አይለወጡም። አሁን ይሄን ወደ መንግስት ቤት አምጡት፣ አለቃው የቀኑን ግማሽ ስብሰባ ላይ ነው፣ የመስክ ሰራተኛው፣ አስተማሪው፣ መስኮት ላይ ያለው ሰራተኛ ማንም ሳያየው ነው ብቻውን የሚወስነው። ማይክል ሊፕስኪ በ1980 ያስረዳው ይሄንኑ ነው፣ ፖሊሲ በተግባር የሚሰራው ከህዝቡ ጋር ፊት ለፊት በተገናኘው የታችኛው ሰራተኛ እጅ ነው። እሱን ቀኑን ሙሉ በፍርሀት መጠበቅ አይቻልም።

ትዕዛዝ የሚያስፈልግበት ጊዜ አለ፣ አልክድም። እሳት ሲነሳ፣ ወረርሽኝ ሲገባ፣ ጎርፍ ሲመጣ ቁጭ ብሎ መመካከር የለም፣ አንድ ሰው ይወስናል ሌላው ይፈፅማል። ችግሩ የአደጋ ጊዜ አመራርን ዓመቱን ሙሉ ማድረግ ነው፣ ሁሉ ነገር አስቸኳይ ሲባል ሰራተኛው የቱ እውነት አስቸኳይ እንደሆነ መለየት ያቆማል።

አለቃችን ማንንም አይነካም፣ ሰላማዊ ነው። ይሄ ጥሩ አይደለም?

ሰላሙ ጥሩ ነው። ግን ውሳኔም የማይነካ ከሆነ በጣም ይጎዳል፣ ቅድም ያየነው ከዜሮ በታች የወረደው ቁጥር የዚህ አይነቱ አመራር ነው።

አንድ የሰራሁበት ቢሮ ኃላፊያችን መልካም ሰው ነበሩ፣ ክፉ ቃል ከአፋቸው አይወጣም። ሁለት ክፍሎች በአንድ ስራ ላይ "የናንተ ነው"፣ "አይ የናንተ ነው" መባባል ጀመርን፣ እሳቸው ጋ ስንሄድ "እናንተው ተነጋገሩበትና ጨርሱት" አሉን። አልጨረስነውም፣ ስልጣኑ የኛ አልነበረማ። ያ ስራ ለወራት ማንም ሳይነካው ቆየ፣ ባለጉዳዮቹ ከአንዱ መስኮት ወደ ሌላው እየተመላለሱ፣ እኛም እርስ በርስ ተኳርፈን ቀረን። ጥሩ የሚሰሩት ልጆች ደሞ ቀድመው ዝውውር ጠየቁ፣ ምክንያቱም የሚሰራውና የማይሰራው እኩል ሲታይ መጀመሪያ ተስፋ የሚቆርጠው የሚሰራው ነው።

ይሄ ከውክልና ጋር እንዳይምታታባችሁ። ውክልና ማለት ስልጣኑን፣ ገደቡንና መቼ ተመልሰን እንደምንገናኝ ነግሮ መስጠት ነው። ልቅ አመራር ሀላፊነቱን ይሰጥና ስልጣኑን አይሰጥም፣ ተመልሶም አይጠይቅም።

ለሁሉም ሰራተኛ አንድ አይነት አመራር ነው የሚያስፈልገው?

አይደለም። ኸርሲና ብላንቻርድ በ1969 ያመጡት ሀሳብ ቀላል ነው፣ ስራውን ገና ያልለመደው ሰው ቀጥተኛ መመሪያ ይፈልጋል፣ የለመደውና ፍላጎት ያለው ደሞ ዞር በሉለት። ሀሳቡ በጥናት ሲፈተሽ ድጋፉ የተደበላለቀ ነው፣ ግን ለአዲስ ሰራተኛ በተመለከተ ጥሩ ይሰራል። አዲስ ተቀጣሪን "ራስህ አንብበህ ልመደው" ብሎ መተው ነፃነት መስጠት አይደለም። መንግስት ቤት ላይ አንድ ጥንቃቄ ብቻ ልጨምር፣ አያያዛችሁ ሊለያይ ይችላል፣ ስልጠናና ዕድገት ላይ ግን መስፈርቱ ለሁሉም አንድ ይሁን፣ አለዚያ አድልዎ ነው የሚባለው፣ እውነትም ይሆናል።

ሪፖርታችን ላይ አፈፃፀሙ መቶ በመቶ ነው፣ ባለጉዳይ ግን ያማርራል። እንዴት ሊሆን ይችላል?

ይሄ የሚሆነው ቁጥሩ ከስራው በላይ ሲከብድ ነው። መለኪያ ግብ ሲሆን ጥሩ መለኪያነቱ ይቀራል የሚባለው የጉድሃርት ህግ ነው፣ እንግሊዛዊው ኢኮኖሚስት ቻርልስ ጉድሃርት በ1975 ካነሳው ሀሳብ የመጣ። እንግሊዝ ውስጥ ድንገተኛ ክፍል የገባ በሽተኛ በአራት ሰዓት ውስጥ ታክሞ ይሸኝ ወይም አልጋ ይያዝ የሚል ግብ ሲወጣ አንዳንድ ቦታ በሽተኞች ሆስፒታሉ በር ላይ አምቡላንስ ውስጥ እንዲቆዩ ተደርገዋል፣ ሰዓቱ መቆጠር ይጀምር የነበረው ሲገቡ ነዋ። ሰዎቹ ክፉ ሆነው አይደለም፣ በቁጥሩ ብቻ ሲጠየቁ ቁጥሩን ማዳን ጀመሩ።

ቢኤስሲም (ባላንስድ ስኮርካርድ፣ የተቋም አፈፃፀም መለኪያ ዘዴ) ላይ የምናየው ተመሳሳይ ነገር ነው። ካፕላንና ኖርተን በ1992 ሲያመጡት ዓላማው አንድ ቁጥር ብቻ ከማየት ለመውጣት ነበር፣ ከተለያየ አቅጣጫ ተቋሙን ለማየት። ቅፁን ሞልቶ ማስረከብ ብቻ ሲሆን ግን ያው ቁጥር ማሳመር ይሆናል።

አለቃው ወሳኝ የሚሆነው እዚህ ላይ ነው። ኤሚ ኤድመንድሰን በ1990ዎቹ ሆስፒታል ውስጥ የመድሀኒት አሰጣጥ ስህተትን ስታጠና ጥሩ አመራር ያላቸው ቡድኖች ስህተታቸው ያንሳል ብላ ጠበቀች፣ ወረቀቱ ላይ ግን የተመዘገበው ስህተት እነሱ ጋ በዝቶ አገኘችው። ጠለቅ ብላ ስታይ የበዛው ስህተቱ ሳይሆን መናገሩ ሆኖ ነው የታያት፣ ሌሎቹ ጋ ሰው ስለሚፈራ ይደብቃል። እንግዲህ ሪፖርት ላይ ቀይ ያመጣውን ክፍል ሰው ፊት የምታዋርዱት ከሆነ በሚቀጥለው ሩብ ዓመት ሁሉም አረንጓዴ ይዞላችሁ ይመጣል፣ እናንተም ስለ መስሪያ ቤታችሁ ምንም የማታውቁ ሰው ትሆናላችሁ። ከላይ በር ላይ ያልኩት ይሄንን ነው።

እኔ መካከለኛ ኃላፊ ነኝ፣ ከላይ ያለው አለቃ ፈላጭ ቆራጭ ነው። ምን ማድረግ እችላለሁ?

ከባድ ቦታ ነው፣ አውቀዋለሁ። ከላይ የመጣውን ቁጣ እንዳለ ወደታች አለማውረድ የመጀመሪያው ነገር ነው፣ ስራውን አውርዱት ስድቡን እናንተ ጋ አስቀሩት። ሁለተኛ የራሳችሁ ክፍል ውስጥ ሰው እውነቱን የሚናገርበት ሰዓት ይኑራችሁ፣ በሳምንት ግማሽ ሰዓትም ቢሆን፣ ምን ያዘን የሚል ጥያቄ ብቻ የሚጠየቅበት። ወደላይ ስትሄዱ ደሞ ችግሩን ከነአማራጩ በፅሁፍ ይዛችሁ ሂዱ፣ "አይቻልም" ሳይሆን "በዚህ ሰው ቁጥር ይሄ ይደርሳል ያኛው ይዘገያል፣ የቱ ይቅደም?" በሉት። ውሳኔው የሱ ሆኖ ይቆያል፣ እናንተም ያላችሁት መዝገብ ላይ ይኖራል። ህገወጥ ትዕዛዝ ሲመጣ ግን ይሄ ሁሉ ዘዴ አይሰራም፣ በፅሁፍ ይሰጠኝ በሉ፣ የሚመለከተው አካል ጋም ሂዱ።

አለቃ ሲቀየር ለምንድነው ሁሉ ነገር እንደገና ከዜሮ የሚጀምረው?

ስራው በሰውየው ላይ ስለተንጠለጠለ ነው። በጣም ጎበዝና ተወዳጅ የሆነ አለቃ እንኳን ሁሉን በራሱ ስልክና በራሱ ፊርማ ካስኬደው የሄደ ቀን አብሮት ይሄዳል። ሁለተኛው ምክንያት አዲስ የተሾመው ሰው የራሱን አሻራ ለማሳየት መቸኮሉ ነው፣ የነበረውን ሳያይ አዲስ መዋቅር፣ አዲስ ቅፅ፣ አዲስ የስብሰባ ቀን። ሰራተኛው ይሄን ሁለት ሶስቴ ካየ በኋላ ማንኛውንም ለውጥ "ይሄም ያልፋል" ብሎ ነው የሚጠብቀው፣ አልፈርድበትም።

አዲስ ከተሾማችሁ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ምንም ሳትቀይሩ ጠይቁ፣ ባለጉዳይ ሰልፍ ላይ ቁሙ፣ አንድ ፋይል ከመግቢያ እስከ መውጫ ተከተሉ። ቆይታችሁ ስትወጡ ደሞ ስራው የሚሄድበት መንገድ ተፅፎ ምክትላችሁ እጅ ላይ ይሁን።

አለቃው ጥሩ ሆኖ ውጤት ከሌለስ?

ይሄም አለ። በጀት ከሌለ፣ ህጉ ከተሳሰረ፣ ሲስተሙ ቀኑን ሙሉ የማይሰራ ከሆነ ዘይቤ ብቻውን ተአምር አይሰራም። ኬርና ጀርሚየር በ1978 ያሉትም አለ፣ ስራው ራሱ በጣም የተደነገገ ወይም ሰራተኛው በሙያው የበቃ ሲሆን የአለቃ ተፅዕኖ ይቀንሳል። እንደዚህ ሲሆን አለቃውን ከመቀየር በፊት መሰናክሉን ማየት ይሻላል።

የአመራር ዘይቤ በሰራተኛ አፈፃፀም ላይ ያለውን ተፅዕኖ እያጠናሁ ነው፣ ምን ልጠንቀቅ?

ትልቁ ወጥመድ ይሄ ነው፦ አንዱ ሰራተኛ አንድ መጠይቅ ላይ አለቃውንም ራሱንም ይሞላል። ኤምኤልኪው የሚባለው የአመራር ዘይቤ መለኪያ መጠይቅ ላይ አለቃዬ ጥሩ ነው ይላል፣ ቀጥሎ የኔ አፈፃፀም ጥሩ ነው ይላል፣ ከዛ ኤስፒኤስኤስ በሚባለው የስታትስቲክስ ሶፍትዌር ላይ ሪግሬሽን (የሁለቱን ግንኙነት የሚያሰላ ስሌት) ሲሰራ የሚያምር ውጤት ይወጣል። የወጣው ግን የአመራር ተፅዕኖ ነው ወይስ የዛን ቀን የሰውየው ስሜት? ያነሳሁት የ1996ቱ ትንተናም ላይ ውጤቱ የተለካው በሰራተኛ አስተያየት ሲሆን ግንኙነቱ ጠንካራ ነው፣ በመስሪያ ቤቱ መለኪያ ሲሆን በጣም ይቀንሳል።

ስለዚህ ውጤቱን ከሌላ ቦታ አምጡት፣ ፋይል ለማለቅ የፈጀበት ቀን፣ የቅሬታ መዝገብ፣ የባለጉዳይ አስተያየት፣ ምንም ካጣችሁ አንዱን ቡድን ስለአለቃ ሌላውን ስለ ውጤት ጠይቁ። አቅጣጫውም ላይ ተጠንቀቁ፣ ጥሩ የሚሰራ ክፍል ያለው አለቃ ዘና ብሎ አሳታፊ ሊሆን ይችላል፣ የደከመ ክፍል የያዘው ደሞ ተጨንቆ ተቆጪ ይሆናል፣ በአንድ ጊዜ መጠይቅ የቱ እንደቀደመ አይታወቅም። "ተፅዕኖ" ከማለት "ግንኙነት" ብላችሁ ፃፉት፣ አድቫይዘራችሁም ደስ ይለዋል። እና እባካችሁ መጠይቁን በኃላፊው ፀሀፊ በኩል አታሰባስቡ፣ ሰራተኛው ስሙን ባይፅፍም የእጅ ፅሁፉ ይታወቅብኛል ብሎ ይፈራል፣ ከፈራ ደሞ የምትሰበስቡት መልስ ሁሉ አለቃዬ ጥሩ ነው ብቻ ይሆናል።